የጾም ማዕድና የቤተሰብ ጤና፤ ካህናትና ሰበካ ጉባኤያት ምን ማድረግ ይችላሉ?

በዐቢይ ጾም አጋማሽ በብዙ የገጠር ቤቶች የሚታየውን እናስታውስ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ከንጋት ጀምሮ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጆቿን አሰናድታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውላለች። ማዕድ ሲቀርብ አስቀድሞ አባወራው፣ ቀጥለው ልጆቹ ይበላሉ፤ እርሷ የተረፈውን እንጀራ በአዋዜ አጣቅሳ ቡናዋን ታስከትላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ተጨማሪ ምግብ ያስፈልግሻል» ብላታለች። እናቲቱ ግን «የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ እንዴት አድርጌ?» ትላለች። የንስሐ አባቷ ደግሞ ስላልጠየቀቻቸው አልነገሯትም፤ እርሷም አፍራ አልጠየቀቻቸውም።

እናቲቱ ታዛዥ ናት፤ ካህኑም አዛኝ አባት ናቸው፤ የጤና ባለሙያዋ የተናገረችውም እውነት ነው። የጎደለው በመካከላቸው ሊነገር የሚገባው አንድ ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያን ለደካሞች የሠራችውን ሥርዓት፣ የጾም ማዕድ ለጤና የሚስማማ የሚሆንበትን መንገድ፣ በማዕድ ዙሪያ ሊኖር የሚገባውን የቤተሰብ መተሳሰብ፣ በመጨረሻም አጥቢያዎች ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ተግባራትን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ጾም ለሕይወት የተሠራ ሥርዓት ነው

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ከ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ጀምሮ እስከ ረቡዕና ዓርብ ጾም ድረስ ሲደመሩ፣ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት የማያንሱትን በጾም ያሳልፋሉ፤ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ከዚህ የሚበልጠውን ይጾማሉ። በመሆኑም በጾም ወራት የምንበላው ነገር የዓመቱን እኩሌታ ያህል ጤናችንን የሚወስን ነው።

የጾም ዓላማ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት ነው፤ ሥጋን ማጥፋት አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲገልጽ ለተራበ እንጀራን መቁረስን፣ የራሳችን ከሆነ ሥጋ ዘመድ ፊትን አለመመለስን አብሮ ያነሣል። ቅዱስ ጳውሎስም ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው (1ኛ ጢሞ. 5፥23) የሥጋውን ድካም ቸል አላለም። ስለ ጾም የተደነገገው የሐዋርያት ቀኖናም በሥጋ ሕመም የተያዘውን ሰው ለይቶ ያያል። በዚህ መሠረት አባቶቻችን ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት የጾም ሸክም እንዲቀልላቸው ያስተምራሉ። ልጆችም ቢሆኑ ጾምን የሚለማመዱት ከሰባት ዓመት በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ይሁንና ሥርዓቱ በመጽሐፍ መኖሩ ብቻ እናቲቱን አያጠግባትም። ብዙ እናቶች ፈቃዱ እንዳለ አያውቁም፤ የሚያውቁትም የጎረቤትንና የአማትን ወሬ ይፈራሉ፤ ሌሎችም በጾም መብላት በሚወለደው ልጃቸው ላይ በረከት የሚያሳጣ ይመስላቸዋል። ይህን ፍርሃት የጤና ባለሙያ ብቻዋን ልታስወግደው አትችልም። የንስሐ አባት ግን በአንድ ቃል ሊያቀልለው ይችላል።

ፈቃዱ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነም ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው የሰዓት ፈቃድ ነው፤ ይኸውም እናቲቱ የጾም ምግብ ቢሆንም እንኳ ከጠዋት ጀምራ እንድትመገብ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የምግብ ዓይነት ፈቃድ ነው፤ ይኸውም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ እንድትመገብ መፍቀድ ነው። ሁለተኛውን ለመቀበል ሕሊናዋ እሺ የማይላት እናት የመጀመሪያውን በደስታ ትቀበል ይሆናል። ፈቃድ የተሰጣት እናትም ከጾሙ በረከት ውጭ እንዳልሆነች ሊነገራት ይገባል፤ በጸሎት፣ በምጽዋት፣ ከክፉ ንግግር በመራቅ ትጾማለችና። የትኛው ለማን እንደሚስማማ መመዘን የንስሐ አባት ድርሻ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያስቸኩላል?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ደግሞ 24 በመቶ የደም ማነስ ነበረባቸው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነትም ሆነ በቁጥር ለዕድሜያቸው የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ጥናት በፊት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የምግብ እጥረት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ውሳኔ ይፋ አድርጓል።

ይህ ሁሉ ከጾም የመጣ ነው ማለት አይደለም። ድህነት፣ የንጹሕ ውኃ እጥረት፣ ተላላፊ በሽታና የአመጋገብ ልማድ በየራሳቸው ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን መቀንጨር በዋናነት የሚጀምረው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት በዓል ባሉት አንድ ሺህ ያህል ቀናት ውስጥ ነው። በዚያ ዕድሜ ያመለጠውን የአካልና የአእምሮ እድገት በኋላ መመለስ እጅግ ያስቸግራል። የዓመቱ እኩሌታ በጾም በሚያልፍበት ቤት እነዚህ ቀናት ያለ ጥንቃቄ እንዳያልፉ መጠበቅ ደግሞ የእኛ የሁላችን ኃላፊነት ነው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት

ነፍሰ ጡር ከዘወትሩ ማዕድ ሌላ በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ገበታ ያስፈልጋታል። ይህ ማለት ብዙ በአንድ ጊዜ መብላት ሳይሆን ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ መመገብ ነው። አንድ ጭብጥ የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ፣ አንድ ኩባያ አጥሚት፣ አንድ ሙዝ ወይም አንድ የተቀቀለ ድንች ከጎመን ጋር በገበታዎች መካከል ቢገባ ብዙ ይጠቅማል።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በጾም ወራትም መቋረጥ የለበትም፤ መድኃኒት እንጂ ፍስክ ምግብ አይደለምና። እንክብሉ በውኃ ይወሰድ እንጂ ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ወፈር ያለ ወተት፣ እንገር የሚባለው፣ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ ስለሆነ ታልቦ እንዳይጣል ማስተማር ያሻል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ፤ በልማድ የሚሰጡት ቅቤና የስኳር ውኃ ይቅሩ። ነፍሰ ጡር ሴት በማኅበርም ሆነ በበዓል አረቄና የመሳሰለውን አስካሪ መጠጥ ልትርቅ ይገባታል።

የሕፃኑ ድስት

ሕፃን ከስድስት ወር በኋላ የእናቱን ጡት እየጠባ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ጾም አይገደድም፤ ሆኖም በብዙ ቤት ሳይጾም ይጾማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እናቲቱ ለቤተሰቡ የጾም ወጥ በምትሠራበት ድስት እንቁላል ወይም ወተት ብታበስል ዕቃው ይነካካል ብላ ትፈራለች፤ ለአንድ ሕፃን ብላም ሌላ ምግብ አትሠራም። ስለዚህ ሕፃኑ ለ55 ቀን እንጀራ በሽሮ ብቻ እየበላ ይከርማል።

መፍትሔው ከዚህ የቀለለ ሊሆን አይችልም፤ ለሕፃኑ ብቻ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ማስቀመጥ ነው። የክርስትና አባትና እናት በክርስትናው ቀን ይህን ስጦታ ይዘው ቢመጡ መልካም ልማድ ይሆናል። ካህኑም ዕቃ ታጥቦ ንጹሕ እንደሚሆን፣ ሕፃን መመገብም ጾምን እንደማያፈርስ ለእናቲቱ ቢያስረዱ የልቧ ፍርሃት ይወገዳል።

ሌላም የምናስተውለው ነገር አለ። በጾም ወራት ላሟ መታለቧን፣ ዶሮዋም እንቁላል መጣሏን አታቆምም። ቤተሰቡ ስለማይመገበው ወተቱ ተንጦ ቅቤ ይሆናል፤ እንቁላሉም ለገበያ ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ለሕፃኑ በቀን አንድ እንቁላልና አንድ ኩባያ የተፈላ ወተት ማስቀረት ብዙ ቤቶች የሚችሉት ነው። ላም ወይም ዶሮ የሌለው ቤት ደግሞ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ አቀላቅሎና ቆልቶ በማስፈጨት ገንፎ ሊያዘጋጅ ይችላል። ገንፎው ቀጥኖ የሚፈስ ሳይሆን ማንኪያ ላይ የሚቆይ ይሁን፤ ጥቂት ዘይት፣ የተፈጨ ለውዝ፣ የተቀቀለና የተፈጨ ዱባ ወይም ካሮት ይጨመርበት። አመጋገቡም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሕፃን እየተጫወተና እየተባበለ እንጂ እየተገደደ አይበላም።

የጾም ገበታ ድኻ ገበታ አይደለም

ለሚጾሙት ሁሉ ደግሞ የአባቶቻችን የጾም ማዕድ በአግባቡ ከተዘጋጀ እጅግ ጠቃሚ ነው። በትንቢተ ዳንኤል የመጀመሪያ ምዕራፍ ከንጉሥ ማዕድ የራቁት ወጣቶች በአሥር ቀን ውስጥ ፊታቸው አምሮ መታየቱን እናነባለን። ገበታው ድኻ የሚሆነው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምግብ ሲወሰን ነው። የሚከተሉት ለየቤቱ የሚሆኑ ቀላል ምክሮች ናቸው።

እህልና ጥራጥሬ አብረው ይቅረቡ። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚጎድላቸውን የገንቢ ንጥረ ነገር ክፍል ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ያሟሉታል። እንጀራን በሽሮ፣ በምስር ወይም በእልበት መብላት ስለዚህ ጥሩ ልማድ ነው። ሽሮው ግን ውኃ የበዛበት ቀጭን ከሆነ ሆድን ቢሞላም ሰውነትን አይገነባም።

አረንጓዴና ቢጫ አትክልት በየቀኑ ይኑር። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ለዐይንና በሽታን ለመከላከል የሚረዳውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ሰውነት ይህን ቫይታሚን የሚወስደው ጥቂት ዘይት ሲኖር ነው። ጎመኑ ሳይከተፍ ይታጠብ፤ ብዙ ሰዓትም አይቀቀል።

ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከገበታው አይለዩ። በጤፍ፣ በጥራጥሬና በጎመን ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ከምግቡ ጋር ያልበሰለ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ሲበላ፣ ወይም በሰላጣውና በምስሩ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ግን ሰውነት ብረቱን የተሻለ አድርጎ ይወስደዋል።

ቡናና ሻይ ከምግቡ ይራቁ። ቡናን ከማዕድ ጋር ወይም ወዲያው አስከትሎ መጠጣት ሰውነት ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል። ቡናው ይቅር አንልም፤ ለጎረቤት ፍቅር ያለውን ዋጋ እናውቃለንና። ነገር ግን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢፈላ የደም ማነስ ላለባቸው እናቶችና ወጣት ሴቶች ትልቅ ጥቅም አለው።

እርሾና በቆልት የአያቶቻችን ጥበብ ናቸው። ሊጥ ሲቦካ፣ ባቄላና አተርም ተዘፍዝፎ ሲያበቅል፣ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስረው የሚይዙት ነገሮች ይቀንሳሉ፤ ለሆድም ይቀልላል። ስለዚህ በቆልት በሕማማት ሰሞን ብቻ የሚታሰብ ሳይሆን የዘወትር ምግብ ሊሆን ይገባዋል።

የቅባት እህሎች ይታሰቡ። የሱፍና የተልባ ፍትፍት፣ ሰሊጥ፣ ኑግና ለውዝ ኃይል ሰጪ ናቸው። የተጠበሰ ነገር ማብዛት ግን፣ በተለይ በከተሞች በጾም ወራት የሚዘወተረው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ፣ ክብደትንና የደም ግፊትን ይጨምራል።

ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ መጠኑም ይነስ። ለአንድ አዋቂ በቀን ከአምስት ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ይበቃዋል። አዮዲን ያለው ጨው ከፀሐይና ከእርጥበት ተጠብቆ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ይጨመር።

ጾም ሲፈታ በውኃ ይጀመር። ሙሉ ቀን ውኃ ያላገኘ ሰውነት አስቀድሞ የሚሻው ውኃ ነው። ከዚያም በዝግታ አኝኮ መብላት ለጨጓራ ይበጃል።

በመድኃኒት ላይ ያሉ ሕሙማን

የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም፣ ቲቢ ወይም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰድ ይኖርባቸዋል። አንዳንዶች ጾም ሲገባ መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ ሌሎች የጠዋቱን ወደ ማታ ያሸጋግሩታል። ይህ ለሕይወት አደገኛ ነው። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ ቢውል በደሙ ያለው ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማዞርና መዘባረቅ ከታየበት ሳይዘገይ ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ መስጠትና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዓቱ አይጠበቅም።

በዚህ ረገድ መልካም አብነት አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ አስተምረዋል። መድኃኒቱን ትተው ወደ ጸበል ይሄዱ ለነበሩ ምእመናን የአባት ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በዚያ ጊዜ ታይቷል። ስለ ጾምና ስለ መድኃኒትም በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል ያስፈልጋል፤ የታመመው ሰው ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም እንዲያማክር ይነገረው።

የጾሙ ፍጻሜም ጥንቃቄ ይሻል። በፋሲካ ሌሊት ብዙ ቀን ከቅባት ርቆ የቆየ ሆድ ወዲያው ቅቤና ጥሬ ሥጋ ሲገባበት ይታመማል። በብዙ ቤት አስቀድሞ ተልባ የሚጠጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቂት በጥቂት መጀመር፣ ሥጋውንም አብስሎ መብላት ከሆድ ሕመምም ከኮሶም ይጠብቃል።

ማዕድና የቤተሰብ ፍቅር

ስለ ምግብ ስንናገር ስለ ሰዎች ግንኙነትም መናገራችን ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ አብሮ መብላትና መጎራረስ ከአባቶቻችን የወረስነው የፍቅር ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት እናት ማዕዱን አቅርባ ራሷ ትርቃለች። ከሁሉ በላይ ምግብ የሚያስፈልጋት እርሷ ሆና ሳለ የመጨረሻውን ትበላለች። አባወራው «ነይ፣ አብረን እንብላ» ብሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሷ ቢሰጥ ምንም ወጪ አያስወጣውም፤ ለልጆቹ ግን የዕድሜ ልክ ትምህርት ይሆናል።

ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ውኃና እንጨት በመሸከም የሚያግዛት ባል የክርስትናን ሕይወት በተግባር ይኖራል። አማትም ቃሏ በቤቱ ውስጥ ክብደት አለው፤ እርሷ «ልጄ፣ ብዪ እንጂ» ካለች ምራቷ በነጻነት ትበላለች። ስለዚህ የንስሐ አባት ፈቃዱን ለእናቲቱ ብቻ በጆሮዋ ከመናገር ይልቅ ባልና አማት ባሉበት ቢናገሩት የተሻለ ነው።

በጾም ወራት ረሀብና ድካም ቁጣን እንደሚያቀርቡም እናውቃለን። ከመብል የከለከልነውን አፍ ከስድብ ካልከለከልነው ጾሙ ጎደሎ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጾምና ለጸሎት ሲለያዩ በስምምነት እንዲሆን ያስተምራል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ይህ ስምምነት በመኝታ ብቻ ሳይሆን በማዕድ፣ በሥራ ክፍፍልና በንግግርም ሊታይ ይገባል። ከማዕድ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ መነጋገርና በአንድነት መጸለይ ብዙ ቂም ሳይሰድ እንዲነቀል ያደርጋል።

ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንም አይዘንጉ። ለአንድ ሰው ብሎ ማብሰል ስለሚሰለች ብዙዎቹ በደረቅ እንጀራና በሻይ ይውላሉ። እነርሱን የሚጎዳቸው የምግቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ አብሯቸው የሚበላ ሰው ማጣትም ነው።

ለሰበካ ጉባኤያት የቀረቡ ተግባራት

ከዚህ በላይ ያነሣነው በየአጥቢያው ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ ነው። የሚከተሉትን እንደ አቅማችሁ እንድትመርጡ እናሳስባለን።

1. ከዐቢይ ጾም፣ ከጾመ ነቢያት፣ ከጾመ ሐዋርያትና ከፍልሰታ በፊት ባለው እሑድ ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለሚያጠቡ እናቶች፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ሕሙማን አጭር ትምህርት በዐውደ ምሕረት ይሰጥ።

2. እያንዳንዱ የንስሐ አባት ከልጆቻቸው መካከል ነፍሰ ጡርና አጥቢ የሆኑትን ለይተው ይወቁ፤ እስኪጠየቁ ሳይጠብቁ ራሳቸው ይጠይቁ።

3. ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ እናትና አባት፣ የክርስትና ወላጆችም አብረው ይገኛሉ። ስለ ጡት ማጥባት፣ ከስድስት ወር በኋላ ስለሚጀመረው ምግብና ስለ ሕፃኑ ድስት ለመንገር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

4. በዓመት ሁለት ጊዜ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ማብራሪያ እንድትሰጥ ትጋበዝ። ካህኑና ባለሙያዋ አንድ ቃል ሲናገሩ ምእመኑ አይወዛገብም።

5. ውኃ ባለበት የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ላይ የጎመን፣ የቆስጣ፣ የካሮትና የዱባ መደብ ይዘጋጅ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይንከባከቡት።

6. በዳቦና በጠላ ብቻ የሚቀርበው የሰንበቴና የማኅበር ገበታ ንፍሮና አትክልት ይጨመርበት። ከሚቀርበውም አስቀድሞ ለታመሙና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ድርሻ ተለይቶ ይላክ፤ የሚያደርሰውም ሰው ጥቂት ተቀምጦ ያጫውታቸው።

7. የአብነት ተማሪዎች ቁራሽ ለምነው በሚያገኙት ደረቅ እንጀራና በበሶ እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። በሳምንት ጥቂት ቀናት እንኳ በየቤቱ ተራ የምስር ወጥ፣ ንፍሮና ጎመን ቢዘጋጅላቸው ነገ የሚያገለግሉን ካህናት ጤናማ ሆነው ያድጋሉ።

8. በየሦስት ወሩ በሚደረገው ስብሰባ ሁለት ጥያቄዎች ይነሡ፤ «በአጥቢያችን ሳይነገራት የጾመች ነፍሰ ጡር አለች ወይ?»፣ «የረሳነው ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ አለ ወይ?» መልሱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ለዐውደ ምሕረት የሚሆን አጭር መልእክት

ካህናት እንደ ምእመናኑ ሁኔታ እያስተካከሉ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን መልእክት እንደሚከተለው አዘጋጅተናል።

«ልጆቻችን ሆይ፣ የምንጾመው ጾም የፍቅር ጾም ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡና የታመማችሁ ሁሉ ጾሙ ሳይገባ ወደ ንስሐ አባታችሁ ቅረቡ፤ ቤተ ክርስቲያን የእናንተን ድካም ታውቃለች። መድኃኒት የምትወስዱ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ሕፃናትን በጾም ምክንያት ከወተትና ከእንቁላል አትከልክሉ። ባሎች ሚስቶቻችሁን፣ አማቶች ምራቶቻችሁን አበርቱ። ጎረቤቶችም ፈቃድ አግኝታ የምትበላውን እናት አትፍረዱባት፤ የምትመግበው በማኅፀኗ ያለውን፣ እግዚአብሔር የሰጣትን ልጅ ነውና።»

ይህን ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃል። በመጀመሪያ ያነሣናት እናት ግን ምናልባት ከዚህ የምትሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር የምትጠብቀው ፈቃድ ይሆንላታል። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏም አማቷም አብረው ሰምተዋል፤ በማግሥቱ ጠዋት አንድ ጭብጥ ንፍሮ ብታነሣ የሚጠይቃት አይኖርም። ሐኪምና መድኃኒት በራቀበት አጥቢያ ሁሉ የንስሐ አባት አለ። ይህን ቃል ከሚመጣው ጾም በፊት በየአጥቢያችሁ እንድታሰሙ በትሕትና እንጠይቃለን።